በዋናው መንገድ የተንኳኳ በር

ድንጋይ የጎረቤታቸውን የሞባይል ሠሪ ሱቅ መስታወት ሲያረግፈው ልጅቷ በአያቷ ልብስ ስፌት ሱቅ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን እየጻፈች ነበር። የከተማው ዋና መንገድ ትናንትና ዛሬ ምን እንደሚመስል ጻፉ ተብለው ነው። አያቷ ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ እየነገሯት ሲኒማው ባንክ መሆኑን፣ ባርኔጣ ቤቱ ፈርሶ በቦታው ፎቅ መብቀሉን፣ ከድሮ ሱቆች የቀረው የእሳቸው ልብስ ስፌት ብቻ መሆኑን ጽፋለች።

አያትየው ብድግ ብለው የብረት መዝጊያውን ጎተቱና ከውስጥ ቀረቀሩት።

በስንጥቁ አጮልቃ አየች። ሃያ የሚሆኑ ጎረምሶች ሞባይል ሠሪውን ከሱቁ ጎትተው አውጥተው በዱላ ይቀጠቅጡታል። የተሰረቀ ስልክ ይገዛል የሚል ወሬ ከጠዋት ጀምሮ ሲናፈስ ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት የጠየቀ የለም። አንዱ ፊቱን በእርግጫ ሲለው አፉ ደም ሞላ። ዱላ ከያዙት መካከል ክፍል ውስጥ ከኋላዋ የሚቀመጠውን፣ ቀጮ የሚሉትን ልጅ አየችው። ትናንት ሒሳብ ስታስረዳው ነበር።

ሰውየው እንደምንም አመለጣቸውና እየዳኸ መጥቶ መዝጊያውን ደበደበ።

«የሰው ያለህ። አባባ፣ ይክፈቱልኝ።»

አያቷ መቀርቀሪያውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ።

«አባባ፣ ይገድሉታል እኮ» አለች ልጅቷ።

«ዝም በይ። ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ።»

«ካልሰለቻቸውስ?»

«ይሄ የእኛ ሱቅ ድሮ የሰዓት ሠሪ ነበር» አሉ መቀርቀሪያውን ሳይለቁ። «የእኔ ሱቅ ያኔ ማዶ ነበር። ሰላይ ነው ብለው እንዲህ በጠራራ ፀሐይ መጡበት። ሮጦ መጥቶ የእኔን በር አንኳኳ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ማንኳኳቱን ተወ። ሱቁ ባዶ ሲቀር እኔ ገባሁበት። መንገዱ እንዲህም አድርጎ ነው የተለወጠው፣ ልጄ። ይሄን አልነገርኩሽም።»

ልጅቷ ጣቶቻቸውን ከመቀርቀሪያው ላይ አንድ በአንድ ታላቅቅ ጀመር። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ራሳቸው ለቀቁት።

መዝጊያው ሲከፈት ሰውየው ደም በደም ሆኖ ወደ ውስጥ ተደፋ። አያቷ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዞር በል፣ ሽማግሌ» አለ አንዱ።

«አልልም።»

ዱላ ክንዳቸው ላይ አረፈ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማች። አያቷ ካሉበት ንቅንቅ አላሉም። ዱላውን የሰነዘረው ቀጮ ነበር፤ ከልጅቷ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ወዲያው የፖሊስ መኪና ጩኸት ተሰማና ሁሉም እግሬ አውጪኝ አሉ።

በማግስቱ ቀጮ በስልክ መልእክት ላከላት። «ያየሽውን እርሺው በናትሽ። እናቴን፣ ሳላስበው ነው። ካወራሽ አለቀልኝ።» ደጋግማ አነበበችው። ስታስረዳው እንዴት ይስቅ እንደነበር ትዝ አላት።

ከሰዓት ፖሊስ መጣ። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ጠይቆ ሁሉም አላየንም ብለውታል። ደብተሩን ገለጠና «እናንተም አላያችሁም?» አለ።

አያቷ በጀሶ የታሰረ ክንዳቸውን እንደያዙ እሷን አዩ።

ልጅቷ ስልኳን አጥፍታ ኪሷ ከተተችና ለፖሊሱ በርጩማ አቀረበችለት።

«ይቀመጡ» አለችው። «የአንዱን ስም አውቀዋለሁ።»