በአንድ እግሩ የተሰቀለው በግ

ሽማግሌው አርቺ ማቀዝቀዣ ክፍሉ ውስጥ፣ ያረደውን በግ ሰቅሎ ሳይጨርስ ሞቶ ተገኘ። በጉ በአንድ እግሩ ብቻ ተንጠልጥሏል። የሽማግሌው ሽርጥ ላይ ደም ደርቋል። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር።

«ሬሳው እንደ ሥጋው በርዷል፤ የሞተበትን ቀን እንዳትጠይቂኝ» አላት ሐኪሙ ፖሊሷን ሳጅን ኢስላን።

በዚህ የኒውዚላንድ ጥግ ጎረቤት ማለት ከኮረብታው ማዶ የሚታይ ጭስ ነው። ሳጅን ኢስላ የምትጠይቃቸው ሰዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ከአርቺ ጋር የሚኖረው የወንድሙ ልጅ ፈርገስ ነው፤ ሲያለቅስ እንኳ ፀጉሩ አይበላሽም።

«አርብ ተሰናብቼው ከተማ ወረድኩ። ‹ነገ በግ አርዳለሁ› አለኝ። ዛሬ ሰኞ ስመለስ...»

«ቅዳሜ ማን መጣ?»

«ታማቲ ነዋ! በአጥር ሲጣሉ ነው የኖሩት። መኪናውን ፖስተኛዋ አይታዋለች።»

ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች የሆነው ጎረቤት ታማቲ አልካደም።

«ያጨስኩትን ዓሣ ይዤ መጣሁ። አንኳኳሁ፣ ዝም አለኝ። አኩርፏል ብዬ ደጃፉ ላይ ትቼለት ሄድኩ።»

«ዓሣው የታለ?»

«የአርቺን ውሻ ጠይቂው።»

«ጋሽ ታማቲ፣ በዚህ ቀልድህ ወህኒ ትወርዳለህ።»

«ወህኒ እንኳ ሰው አለ፣ ልጄ።»

ኢስላ ራሷ ማታ ማታ የምታወራው ከምድጃዋ ጋር ነው።

«ቅዳሜ ከዚያ በፊትስ የት ነበርክ?»

«ለራግቢ ቡድናችን በግ ሳርድ። የተረፈው እግር ክለቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለልሽ።»

የኢስላ ዓይን በራ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱንም አርቺ ቤት ሰበሰበቻቸው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የበግ እግሮች አሉ፤ በእጇ ደግሞ ከቄራ የተዋሰችው ባለ ሁለት መርፌ መለኪያ።

«በግ ከታረደ በኋላ ሥጋው ውስጥ ያሉት ስስ የሕዋስ ግድግዳዎች ቀስ በቀስ ይፈርሳሉ» አለች። «አዲስ ሥጋ ኤሌክትሪክን ስለሚገታ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ የቆየ ሥጋ ስለሚያሳልፈው ቁጥሩ ይወርዳል። ይሄ ቅዳሜ የታረደው የታማቲ በግ ነው። ቡድኑ በሙሉ ምስክር ነው።»

መርፌዎቹን ሰካችበት። ቁጥሩ ከፍ አለ። ከዚያ የአርቺን በግ ወጋች። ቁጥሩ ወረደ።

«ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ይሆናላ!» አለ ፈርገስ።

«ሁለቱንም ማቀዝቀዣዎች ለክቻለሁ። ቅዝቃዜያቸው እኩል ነው። ይህ በግ ከታረደ ከሳምንት በላይ ሆኖታል። አርቺ ደግሞ ሁለተኛውን እግር ሳይሰቅል ነው የተቆለፈበት። ስለዚህ የሞተው በጉን ባረደበት ዕለት ነው። ታዲያ አርብ ማንን ተሰናበትክ፣ ፈርገስ?»

ፈርገስ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ሳምንቱን ሙሉ እዚህ ቤት በልተህ ተኝተሃል። እሱ ከግድግዳው ማዶ ነበር።»

«እርሻውን አልሸጥም አለ» አለ ፈርገስ በመጨረሻ። «በዚህ ባዶ ሸለቆ ሊቀብረኝ ነበር!»

ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ። ታማቲ ግን ከደጃፉ አልተነቃነቀም።

«ያን ቀን በሩን ሰብሬ ብገባ ኖሮስ?»

«ያኔ ከሞተ ቆይቶ ነበር፣ ጋሼ። አላኮረፈህም ነበር።»

ታማቲ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና የአርቺን ውሻ ጠራ። መኪናው ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«ያንቺንስ በር ማን ያንኳኳል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ዓሣ አመጣልሻለሁ። ዝም ካልሽ ግን አኮረፈች ብዬ አልሄድም፤ በሩን ነው የምሰብረው።»