«ከፍቼ አይቼዋለሁ»

«ኢንጂነሯ! ኧረ ኢንጂነሯ፣ ወዲህ ነይ!»

መቅደላዊት ድምፁን ስትሰማ ባለችበት ቆመች። ጋሽ ሸምሱ ከፕላስቲክ ዕቃ መደብራቸው ደጃፍ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ይህን ሱቅ ላለማለፍ ስትል ሦስት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በማዶ በኩል ነበር የምትሄደው። ዛሬ ግን ማዶው ለቧንቧ ተቆፍሮ ተዘግቷል።

ኢንጂነር ብለው የሚጠሯት እሳቸው ብቻ ናቸው። ገና ዐሥረኛ ክፍል ናት። ሆኖም ጀሞ ውስጥ ላፕቶፕ መግዛት የፈለገ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነበር። «መቅዲ ቴክ» የሚል የቴሌግራም ቻናል አላት። «ከስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ላፕቶፕ አይደለም፣ የዳቦ መጥበሻ ነው» ብላ ትጽፋለች፤ ተከታዮቿ ይስቃሉ። አምና ምርጥ ያለችውን ዘንድሮ ቆሻሻ ትለዋለች፤ ካምፓኒዎቹም እንደዚያው ስለሚሉ ነው። የራሷ ላፕቶፕ ግን ኖሯት አያውቅም። የምታውቀውን ሁሉ የተማረችው በእናቷ ስልክ ቪዲዮ እያየች ነው።

ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚሸጥ ኤልዳድ የሚባል ወጣት ቻናሏን አይቶ ጻፈላት። ሱቁ ስትሄድ ከባንኮኒው ጀርባ ወንበር ሰጣት። ደንበኛ ሲመጣ «መቅዲ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?» ይላታል። ቤትም ሆነ ክፍል ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። አንድ ቀን የጆሮ ማዳመጫ በነፃ ሰጣት። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ስለ ላፕቶፕ ሲጠይቃት መልሷ አጭር ሆነ፦ «ኤልዳድ ጋ ሂዱ።»

ሀኒፋ የጋሽ ሸምሱ ልጅ ናት፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የመቅደላዊት ጓደኛ። ሥዕል ነፍሷ ነው። ለቅዳሜ የአኒሜሽን ሥልጠና ተወዳድራ አለፈች። ሠልጣኙ ግን የራሱን ኮምፒውተር ይዞ መምጣት አለበት ተባለ። አባቷ አላመነቱም። «እኔ የማውቀው ስለ ባልዲ ነው። መቅዲ ያለችውን እንገዛለን» አሉ።

ሦስቱም ሱቁ ሲደርሱ ኤልዳድ አንድ ጥቁር ላፕቶፕ አወጣ። ጥጉ ላይ «ኮር አይ ሰቨን» የሚለው የፈጣን ኮምፒውተር ተለጣፊ ያብረቀርቃል። «መቅዲ እዚህ ያለውን ዕቃ ሁሉ ታውቀዋለች» አለ። አብርቶ የውስጥ መረጃውን ከፍቶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ተከታዮቿን ሁሌ «ሳታዩ እንዳትገዙ» የምትለው እሷው ናት። አሁን ግን ልክፈተው ብትል ኤልዳድን በሰው ፊት ውሸታም ማለት መሰላት። ወንበሩንም ማጣት አልፈለገችም።

ሀኒፋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «ከፍተሽ አይተሽዋል አይደል?» አለቻት።

«ከፍቼ አይቼዋለሁ። እመኚኝ ባክሽ!»

ላፕቶፑ ተገዛ። በሥልጠናው ሦስተኛ ቅዳሜ ሀኒፋ ወደ ቤቷ ጠራቻት። የሥዕሉን ፕሮግራም ከፈተችው። ላፕቶፑ እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ጋለ፣ ድርግም ብሎ ጠፋ። እንደገና ሲነሣ መቅደላዊት ያኔ ማየት የነበረባትን ገጽ ከፈተች። ከሰቨን የሚያንሰው ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ ያውም ያረጀው አራተኛ ጀነሬሽን። አዲስ የነበረው ተለጣፊው ብቻ ነው። ሀኒፋ ከጀርባዋ ቆማ ታነባለች።

«ለካ አላየሽውም» አለች ቀስ ብላ።

መቅደላዊት በማግስቱ ኤልዳድ ዘንድ በረረች። እሱ አልተቆጣም። «ተለጣፊውን እኔ አልለጠፍኩትም፤ እንደዚህ ሆኖ ነው የሚመጣልኝ» አላት ፈገግ እያለ። «ደሞ አሪፍ ነው ያልሻቸው አንቺ ነሽ እኮ።»

ሀኒፋ የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባዬ እንዳይሰማ። ለደንበኛው ሁሉ አውርቷል። ተሸወድክ ብዬ እንዴት ልንገረው?» ለአባቷም ሥልጠናው ሰለቸኝ ብላ አቆመች። ክፍል ውስጥ አሁንም አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሀኒፋ ስትጠየቅ ትመልሳለች፣ ሳትጠየቅ ግን አታወራም።

አሁን ጋሽ ሸምሱ መቅደላዊትን ትከሻዋን ይዘው ወደ ሱቁ አስገቧት። ከጎን ያለው ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ በንቲ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሟል። ሀኒፋ ወለል ላይ ተቀምጣ የጆግ ክዳን ትለያለች።

«ያልኩህ ልጅ ይቺ ናት» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «የሀኒፋን ላፕቶፕ የመረጠችልን እሷ ናት። ዕቃው ወርቅ ነው! ምን ያደርጋል፣ የኔዋ ሰነፍ ሆና ትምህርቱን ጣለችው እንጂ።»

ሀኒፋ ቀና አላለችም። አንዱን ክዳን ሦስት ጆግ ላይ ሞከረችው።

«ልጄ ፌኔት ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል» አለ ጋሽ በንቲ። «ቅዳሜ ላፕቶፕ እገዛላታለሁ ብያለሁ። እዚያው ሱቅ ልውሰዳት?»

ያን ጊዜ ሀኒፋ መቅደላዊትን አየቻትና ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳትናገሪ ማለቷ ነው። መቅደላዊትም ገብቷታል። «አሁን እዚያ ጥሩ ዕቃ የለም» ብትል ጋሽ በንቲ ይተርፋል፤ የሀኒፋም ምስጢር አይወጣም። ልትለውም አፏን ከፍታ ነበር። «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ግን ማለፍ አልቻለችም።

«ጋሽ ሸምሱ» አለች። «ሀኒፋ ሰነፍ አይደለችም። ላፕቶፑ ነው የማይሠራው።»

ጋሽ ሸምሱ ሳቅ አሉ። «እንዴት አይሠራም? አንቺው አይደለሽ እንዴ ያየሽው?»

«አላየሁትም። አይቼዋለሁ ብዬ ዋሸኋት። ከላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አንድ አይደለም። ሥዕሉን ሲከፍቱበት ይጠፋል። ሥልጠናውን የተወችው ሰልችቷት አይደለም፤ እርስዎ እንዳያዝኑ ብላ ነው።»

ሀኒፋ የያዘችውን ክዳን ወለሉ ላይ ጣለችው።

«ማን ተናገሪ አለሽ?» አለች ሀኒፋ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩሽ!»

ጋሽ ሸምሱ መቅደላዊትን ረስተዋት ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሥልጠናው ታዲያ... አሁን መመለስ አይቻልም?»

«ባለፈው ሳምንት አለቀ።»

«ሦስት ወር ሙሉ ሰነፍ ስልሽ ዝም ትያለሽ፣ ሀኒፍዬ?» አሉና ድምፃቸው ሰለለ። ክዳኖቹን ገፋ አድርገው አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ጋሽ በንቲ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። መቅደላዊት ተከተለችው። «ጋሽ በንቲ፣ ቅዳሜ አብሬያችሁ ልሂድ። ማንም የፈለገውን ቢል ከፍተን ሳናይ አንገዛም።»

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «አይ የኔ ልጅ፣ ሌላ ሰው ብጠይቅ ይሻለኛል» አላት። ቁጣ የለበትም፤ አነጋገሩ መንገድ ለሳተ ሰው አቅጣጫ እንደሚያሳይ ሰው ነበር። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ቤቷ ከዚያ አምስት ደቂቃ አይርቅም። ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ ጥቂት ተራመደች። ከዚያ ተመለሰችና የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ የጋሽ ሸምሱ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ የሚሉት ግን አይለይም። ሀኒፋ ስትወጣ ምን እንደምትላት አላወቀችም። አይታት ዝም ብላ ልታልፍም ትችላለች። መቅደላዊት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፣ ለሚገቡት ደንበኞችም መንገድ እንዳትዘጋ ወደ ጥጉ ጠጋ አለች።