በቅየሳው ላይ የሌለ መንገድ

መንገዱን መጀመሪያ ስታየው ስህተት መሰላት። የማን ስህተት እንደሆነ ለመረዳት ግን ከአንድ ወር በላይ ፈጀባት።

ለትንሹ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የመልክዓ ምድር ንድፍ እንድታዘጋጅ ከተቀጠረች ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል፦ ዛፍ የት ይተከል፣ አግዳሚ ወንበር ወዴት ይዙር፣ የዝናብ ውኃ በየት ይውረድ፣ ሰው በየት ይሂድ። እርሷ ግን አንድ የጸና እምነት ነበራት፤ ሰው በየት እንደሚሄድ የሚወስነው እግር እንጂ ነዳፊ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድማ ተማሪዎች ሣሩን እየረገጡ ያወጧቸውን ቀጫጭን መንገዶች መመዝገብ ጀመረች፤ ድንጋይ የሚነጠፈው በእነርሱ ላይ ነው። ከማደሪያው ወደ መማሪያ ክፍሎች የሚያቋርጠው የጥድፊያ መንገድ ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ምግብ አዳራሹ የሚወርደው የረሃብ። ከፈተና አዳራሹ ወደ ኋላ አጥር የሚያመራው የምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሁሉም ምክንያት ነበራቸው።

ይህኛው አልነበረውም። ከቅየሳ ዕቃ ክፍሉ ጀርባ ተነሥቶ በአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ጎን ይታጠፋል፤ በሦስት ዛፎች መካከል እየተጥመለመለ ያልፋል፤ ከዚያ ለእርሷ በጊዜያዊ ቢሮነት ወደተሰጠው የእንጨት ክፍል ሲቃረብ፣ ሣሩ መካከል ላይ ድንገት ያበቃል። በር የለ፣ ቧንቧ የለ፣ መቀመጫ የለ። ሊናገር አፉን ከፍቶ የሚለውን እንደረሳ ሰው ነበር።

«ቅየሳህ ጎዶሎ ነው» አለችው ቀያሹን በማግስቱ።

ቀያሹ የግቢው ጥገና ክፍል ባልደረባ ነው። ዕድሜው ከእርሷ አይርቅም። ሁልጊዜ አራት ሰዓት ሲሆን በተነጠፈው መንገድ ዞሮ ይመጣል፣ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፣ የለካውን በወረቀት አስረክቦ ይሄዳል።

«የቱ ጋ ነው የጎደለው?»

«እዚህ። አንድ ሙሉ መንገድ ዘለሃል።»

ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውጥቶ መልሶ ሰካው።

«እኔ ስቀይስ አልነበረም፣ ኢንጂነር። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ነው የቀየስኩት።»

«መጀመሪያ ነገር፣ ገና በሠላሳ ዓመቴ አታስረጀኝ፤ እርስዎ ማለቱን ተው ብዬሃለሁ። ሁለተኛ፣ መንገድ እንደ እንጉዳይ ባንድ ሌሊት ይበቅላል?»

«ቀስ ብሎ ነው የሚበቅለው መሰለኝ።»

«እንግዲያው ለካልኝ። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም፣ ሳታዛባ።»

«እሺ። እለካልዎታለሁ» አለ። ድምፁ ለምስክርነት የተጠራ ሰው ድምፅ ነበር። የተቀየመ መሰላት።

ከሁለት ቀን በኋላ ያመጣው ወረቀት እንደ ልማዱ ንጹሕ ነበር፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ በሜትርና በሴንቲሜትር ሰፍሯል። መጨረሻው ላይ ግን በደቃቅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «መንገዱ ከክፍሉ በር አሥራ አንድ እርምጃ ያህል ሲቀረው ይቆማል። በግምት።» ይህ ሰው ገምቶ አያውቅም። ነገሩ ለምን እንዲህ እንዳበሳጫት ለራሷም ግልጽ አልሆነላትም።

«ዛሬስ ያ ቀያሽ ምን አጠፋ?» አለቻት በዚያው ምሽት አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ፣ ከልብስ መተኮሻው ቀና ሳትል።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጫማሽን ሳታወልቂ ስለ እሱ ጀመርሽ እኮ። ትናንት እርሳሱን ጆሮው ላይ መሰካቱ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ሁለቴ ብቻ ማንኳኳቱ። እኔ እንኳ ባሌ ስንቴ እንደሚያንኳኳ ያወቅሁት ካገባሁት በኋላ ነው።»

«እትዬ፣ ስለ ሥራ ነው የማወራው።»

«እኔስ ስለ ምን አወራሁ?» እህቷ ሸሚዙን ገለበጠች። «በይ ጫማሽን አውልቂ።»

ነዳፊዋ ለግራ መጋባት የታወቀ መድኃኒት ነበራት፤ መቁጠር። በየመንገዱ ዳር ቆጣሪ ተማሪ አቁማ፣ እርሷ ራሷ ያን ምክንያት የለሽ መንገድ ልትጠብቅ ወሰነች። የመቁጠሪያውን ሰንጠረዥ ያሰመረላት ቀያሹ ነው። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። በሌላ ጊዜ፣ ሐሳቧ እንዳይበተን፣ ስትሠራ ጀርባዋን ለመስኮቱ ነበር የምትሰጠው።

በጥድፊያው መንገድ ሦስት መቶ አርባ ሰው አለፈ። በረሃቡ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። በኋላ አጥሩ እንኳ አሥራ ሰባት፣ ሁሉም እየሳቁ። በዚህኛው ግን አንድም።

«ስንት ቆጠሩ?» አለ ቀያሹ፣ ማታ ወረቀቶቹን ሊሰበስብ በተነጠፈው መንገድ ዞሮ ሲመጣ።

«ዜሮ። ጨርሶ አይገባኝም። ሣሩ እስከ አፈሩ ተረግጧል፤ የረገጠው ሰው ግን የለም።»

«ምናልባት የሚሄድበት ሰው እንደሚቆጠር አውቆ ይሆናል።»

«ቢቆጠር ምን ይሆናል?»

እርሱ ወረቀቶቹን በጠርዛቸው ሲያስተካክል ቆየ፤ አስቀድመው የተስተካከሉ ነበሩ።

እንዲህ ሆነና፣ የመጨረሻውን ንድፍ ስታወጣ፣ ማንም የማይሄድበትን መንገድ ሠርዛ በላዩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የቁጥቋጦ አጥር ተከለችበት። የእንጨት ክፍሉ ከእርሷ በኋላ የተማሪዎች ማንበቢያ ስለሚሆን ጸጥታ ያስፈልገዋል። ውሳኔው በሙያዋ እንከን የማይወጣለት ነበር።

ንድፉን ለቀያሹ ዘረጋችለት። ዓይኑ ግቢውን በሙሉ አልፎ በቀጥታ አረንጓዴው መስመር ላይ አረፈ።

«ይህ አጥር የግድ ነው?»

«ማንም የማይሄድበትን መንገድ መዝጋት ማንን ይጎዳል?»

«ማንንም» አለ፣ ዓይኑን ከመስመሩ ሳያነሣ። «ተረድቻለሁ፣ ኢንጂነር።»

ያ «ተረድቻለሁ» ከአንድ አጥር ጋር የማይመጣጠን ክብደት ነበረው። እርሱ ከወጣ በኋላ ንድፉን ደጋግማ አየችው፤ ምን እንደጻፈችለት ለማወቅ የፈለገች ይመስል።

በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ የሚያንኳኳ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ይዘው የመጡት ጋሽ መቀስ ናቸው፤ የግቢው አሮጌ አትክልተኛ፣ መቀሳቸው ከእጃቸው ስለማይለይ ተማሪዎች ያወጡላቸው ስም ነው።

«ቀያሹ የት ሄደ፣ ጋሼ?»

«ሌላ ከተማ ወዳለው ቅርንጫፍ ሊዛወር ደብዳቤ አስገብቷል አሉ። ለጊዜው እረፍቱን ወስዷል። ንድፍሽን የሚያጸድቀው ኮሚቴ በሚሰበሰብበት ቀን መጥቶ ይፈርምና በቃ።»

«ለምን?»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት።

«እኔን ነው የምትጠይቂው?»

ለምን እንደተከፋች አሰበች። የሥራ ባልደረባ ይዛወራል፤ ሌላ ቀያሽ ይመጣል፤ ሌላውም ሜትር አለው። ይህን ሁሉ እያወቀች ለሁለት ሳምንት አራት ሰዓት በደረሰ ቁጥር እርሳስ መቅረጽ ጀመረች። ከዕለታት አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ከመርፌ የሾሉ ዘጠኝ እርሳሶች ተደርድረው አገኘቻቸው። እህቷም በዚያ ሰሞን መጠየቅ ትታለች። ያ ከጥያቄው የባሰ ነበር።

የኮሚቴው ስብሰባ ሁለት ቀን ሲቀረው ለናሙና ያህል የመጀመሪያዎቹን የአጥር ችግኞች እንዲተክሉ ጋሽ መቀስን ጠራቻቸው። መጥተው ቆሙ። አካፋውን መሬት ላይ አጋደሙት።

«አልቆፍርም።»

«ምን ሆኑ፣ ጋሼ?»

«ወገቤን ነው በይ።»

«ትናንት ዛፍ ላይ ነበሩ!»

«እንግዲያው ወገቤ አይደለም።» አፋቸው ዳር ላይ ሳቅ ነገር አለ። «ልጄ፣ ይህን ሣር በየቀኑ የማጠጣው እኔ ነኝ። ለስላሳ ሣር በቀን አራት ጊዜ ከተረገጠ አፈር ለመሆን ሦስት ወር ይበቃዋል። አሁን ደግሞ ነይና እይው።»

ጎንበስ ብላ አየች። መንገዱ ላይ፣ ከአፈሩ ሥር፣ ገና ጥፍር የማያክል ሣር ብቅ ብቅ ብሏል። በጥድፊያው መንገድ ላይ የለም፤ በረሃቡም የለም። እዚህ ብቻ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። የቀረውን አትጠይቂኝ፤ እኔ የምጠብቀው ተክል ነው፣ የሰው ምስጢር አይደለም።» አካፋቸውን አንሥተው ሄዱ፤ ጥቂት ራመድ ብለው ዞሩ። «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ በእግርሽ አልሄድሽበትም እኮ!»

እውነት ነበር። አስለክታዋለች፣ ቆጥራዋለች፣ ሠርዛዋለች፤ ከላይ ወደ ታች፣ በወረቀት ላይ። አንድ ቀን እንኳ አልረገጠችውም።

ወደ ቅየሳ ዕቃ ክፍሉ ጀርባ ሄዳ ከመነሻው ጀመረች። ከቤተ መጻሕፍቱ ማዕዘን ስትታጠፍ ቀና አለች፤ መስኮቷ ታየ። የመጀመሪያው ዛፍ ሊጋርደው ሲል መንገዱ ወደ ግራ ሸሸ፤ መስኮቱ እንደገና ታየ። ሁለተኛው ዛፍ ሲቃረብ ወደ ቀኝ ሸሸ። በወረቀት ላይ ያለ ምክንያት የተጥመለመለ የመሰላት ሁሉ አንዲት መስኮት ከዓይን እንዳትሰወር የተደረገ ጥንቃቄ ነበር። መንገዱ ባለቀበት ቆመች። ከመስታወቱ ወዲያ ጠረጴዛዋ፣ የተቀረጹት እርሳሶች፣ ለመስኮቱ ጀርባውን የሰጠ ወንበሯ፣ በወንበሩ ላይ የተንጠለጠለ ሹራቧ ይታያሉ።

ሰው ሁሉ የት ቆሞ ምን እንደሚያይ ስትነድፍ የኖረች ሴት፣ እርሷን ለማየት ሰው የት እንደቆመ አላወቀችም ነበር። አጥሩ ትዝ አላት። «ተረድቻለሁ» ያለው ትዝ አላት። ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነበሩ፤ ቁጥር ያልቀረበበት ነገር አይዋጥላቸውም። ቀያሹ ከጠረጴዛው ጥግ ተቀምጧል፤ ከስቷል፤ አያያትም። ከበሩ አጠገብ ጋሽ መቀስ ቆመዋል።

«ይህች መንገድ ባለፈው ረቂቅ ላይ አልነበረችም» አሉ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። «አጥር ነበር። አሁን አጥሩ የለም፤ መንገዷ እስከ እንጨት ክፍሉ በር ደርሳለች። ስንት ሰው ይጠቀምባታል?»

«እስካሁን አንድ።»

«አንድ ሺህ?»

«አንድ ሰው።» ወደ ጠረጴዛው ጥግ አየች። «ወደፊት ሁለት ሊሆኑ ይችላሉ።»

ጋሽ መቀስ አሳላቸው፤ ሳል ግን አልነበረም። ሰብሳቢው ከእርሷ ወደ ሽማግሌው፣ ከሽማግሌው ወደ ወረቀቱ አዩ። የገባቸው አይመስልም።

«እንግዲህ ቀያሹ ንድፉ ከመሬቱ ጋር መግጠሙን ካረጋገጠ እኛ ምን ቸገረን። ፈርም።»

ቀያሹ ንድፉን ሳበ። ጣቱ አረንጓዴ አጥር በነበረበት ቦታ ላይ ቆመ፤ ከዚያ በመንገዱ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፣ በሩ ጋ ደረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት።

«አልፈርምም» አለ።

ንድፉን ልትወስድ እጇን ዘረጋች።

«ንድፉ ከመሬቱ ጋር አይገጥምም» አለ። «መሬት ላይ መንገዱ ከበሩ አሥራ አንድ እርምጃ ሲቀረው ይቆማል።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ንድፉን ግን አላስተካክልም። መሬቱ ይስተካከል።»

ሰብሳቢው ፊርማው እስከ ነገ ይደር ብለው ስብሰባውን ዘጉ። እርሱ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዋን ጎትታ ወደ መስኮቱ አዞረች። ይመጣ ይሆን? ተሳስታ ቢሆንስ? መንገድ አንብባ እንጂ ሰው አንብባ አታውቅም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ማዕዘን በሣሩ መንገድ ሲታጠፍ አየችው። መንገዱ ባለቀበት ቆመ። ቆየ። ከዚያ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ አንዱን ጫፍ በሚስማር መሬት ላይ ቸከለና፣ ሜትሩን እየለቀቀ፣ ሣር ሣሩን ወደ በሩ መጣ።

ከማንኳኳቱ በፊት ከፈተችው።

«ስንት ሆነ?»

ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጀርባው ላይ ጻፈና ሰጣት። ስድስት ሜትር ከሰባ፤ ዘጠኝ እርምጃ እንኳ አይሞላም።

«አሥራ አንድ ብለህ ነበር።»

«ከሩቅ ነበር የገመትኩት። ወረቀት በእጄ ሲኖር ዞሬ እስከ በሩ እመጣለሁ፤ ባዶ እጄን ስሆን ግን እዚያ ላይ እግሬ ይያዛል። ከእዚያ ሲታይ ደግሞ ይርቃል።»

ወረቀቱን ገለበጠችው። የዝውውር ማመልከቻው ነበር፤ የእርሱ ፊርማ ከሥሩ፣ የማንም ማኅተም የሌለበት።

«ይህ ደብዳቤ ያስፈልግሃል?»

«ቁጥሩን አንቺ ጋ አስቀምጪው» አለ። «ንድፉ ላይ እንዳይሳሳት።»

«አሁን ንድፉን አምጥቼ ብዘረጋው ትፈርማለህ?»

«እፈርማለሁ» አለና፣ ባዶ እጁን፣ ደፉን ተሻገረ።