በትክክል የታሰረው ባትሪ

ኤሌክትሪሺያኑ ሽፈራው የሞተው ከአንድ አሮጌ ትራክተር ፊት በጀርባው ተንጋሎ የመብራት ሽቦ ሲያስር ነው። ኢንስፔክተር ዘነበች ከወልድያ መርሳ ስትደርስ ሬሳው በጋቢ ተሸፍኗል፤ ፒንሳው ግን ከእጁ አልወጣም ነበር። ትራክተሩ ላዩ ላይ ወጥቶ፣ ዐሥር እርምጃ ያህል ሄዶ፣ የግቢው ማንጎ ግንድ ላይ አፍንጫውን ተክሎ ቆሟል።

«ነገሩ ያለቀ ነው፤ የትራክተሩን ሹፌር ይዘነዋል» አላት ኮንስታብል ያሬድ።

«ካለቀ እኔን ምን ልታደርጉ ጠራችሁኝ?»

 ዘነበች እንዲህ ናት፤ ቸኩሎ የሚደመድም ሰው አይጥማትም። እውነቱን ለመናገር ግን ዛሬ የቸኮለችው እሷ ነበረች። የሽፈራው ሁለት ወንድሞች ወልድያ ናቸው፤ የሹፌሩን ስምም ሰምተዋል። «ሬሳውን እንይና እንመጣለን» ብለው በስልክ ነግረዋታል። ለምን እንደሚመጡ አልጠየቀቻቸውም። ሹፌሩ በፖሊስ እጅ ቢሆንም መርሳ ውስጥ አንድ ወንድ ልጅ አለው፤ ደም የሚፈልግ ሰው አባትዬውን ቢያጣ ልጅዬውን አያጣም።

«ሬሳውን ወደ ወልድያ ላክላቸው» አለችው ያሬድን። «የሚወስደውን መኪና ሹፌር ቀስ ብለህ ንዳ በለው፤ ጊዜ እናገኛለን።»

ግቢው የእትዬ መሪማ ነው። ትራክተሩም ባለቤታቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ነው፤ ዕድሜው አርባ ያለፈ፣ ዲናሞው የሞተ፣ መብራቱ የጠፋ። ሰኔ ሲገባ የሀብሩ ወረዳ ገበሬ ሁሉ በአንድ ሳምንት «እረሱልኝ» ይላል፤ መብራት ያለው ትራክተር ሲመሽም ያርሳል፣ የሌለው ቆሞ ያያል። ስለዚህ አሮጌውን ዲናሞ አውጥቶ ባትሪ የሚሞላ አልተርኔተር እንዲገጥም፣ ሽቦውንም ሁሉ በአዲስ እንዲቀይር ሽፈራው ከወልድያ ተጠራ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነበር።

ዘነበች ትራክተሩን ዞረችው። አባቷ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲነዱ ነው ያደገችው። ማርሹ ገብቷል። ቁልፉ ተሰክቷል። ባትሪው ቦታው ላይ ነው፤ ሁለቱም ገመዶች ጥቁር ናቸው፣ ከትራክተሩ ቦዲ የመጣው ገመድ ከባትሪው ማይነስ ላይ ታስሯል። ይህን ስታይ ቆም አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አልተርኔተሩን አየችው። ብርማ ቀለም ተቀብቷል፤ ከጀርባው ግን ቀለሙ ተጠርጎ ለቋል፣ ከሥሩም በምስማር የተጫረ ጽሑፍ አለ። «ሽ፣ ጥር» ይላል። ከሟቹ ኪስ ደግሞ ቤንዚን የሚሸት፣ ብርማ ቀለም የነካው ጨርቅ ወጥቷል።

እትዬ መሪማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! በእኔ ግቢ!» አሉ። «ልጄ፣ ሹፌሬ ዓለምነህ አይገድልም። ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ።»

«ተጣልተዋል ይባላል፣ እትዬ።»

«መጣላትማ ተጣሉ! የመጀመሪያ ቀን ዲናሞውን ሲፈታበት ‹ልቤን አወጣኸው!› ብሎ ጮኸበት። እንደተኳረፉ ወደ ሐራ ለቅሶ ሄደ፤ የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነው።»

«ሽፈራው ባትሪው እንደታሰረ ትራክተር ፊት የሚተኛ ሰው ነበር?»

«ወላሂ አይተኛም! ይህ ትራክተር ፍሬኑ አይዝም፤ ሁልጊዜ በማርሽ ነው የሚቆመው። ሽፈራው ሥራ ሲጀምር ባትሪውን አውርዶ ማንጎው ሥር ያኖረው ነበር። ‹ይነክስሃል እንዴ?› እያልኩ እስቅበት ነበር።» እንባቸው መጣ።

«ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ልጄ ዙልፋ ጋ። ከመኝታዋ አልነሳም ብላለች። በግንቦት ምጥ ይዟት የጤና ጣቢያውን አምቡላንስ ብንጠራ፣ ‹ዕቃው ተሰርቆ ቆሟል› አሉን። በባጃጅ ስናደርሳት ልጁ አልፏል።»

ዘነበች እጃቸውን ያዝ አደረገችና ተነሣች። ያሬድን ለብቻው ጠርታ አንድ ቦታ እንዲደውል ነገረችው።

ጋሽ ዓለምነህ በካቴና እንደታሰሩ ፒክአፑ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ሳትጠይቃቸው ጀመሩ።

«ጠልቼዋለሁ። መጥላት ያሳስራል?»

«አያሳስርም። ስንት ሰዓት ደረሱ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል። ስደርስ ትራክተሩ ማንጎው ላይ ነው፣ እሱም…» በታሰረ እጃቸው ወደ ማንጎው አመለከቱ። «ማን አየኝ ልበልሽ? ማንም አላየኝም።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የዚህን ትራክተር ባትሪ እንዴት ነው የሚያስሩት?»

«አሁን ይሄ ጥያቄ ነው? ፕላሱን ከቦዲው ነዋ! እንደ ሌላው መኪና አይደለም፤ ከጥንቱ ሲሠራ የተገለበጠ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲያ አስሬዋለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንስ ምን ይለወጣል?»

ዘነበች መልሱን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ሽማግሌውን ግን የራሳቸው ነገር አላሳሰባቸውም። «ልጄን ከቤት አስወጡልኝ» አሏት። «እኔስ ኖሬአለሁ።»

የቀረው ሙባረክ ነው፤ የእትዬ መሪማ የወንድም ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ግቢው ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ይላል፤ አንድ ቦታ አልቆም ብሏል።

«እኔ ስለ ሽቦ የማውቀው የለም» አላት። «አልተርኔተሩን አዲሱን ወልድያ ገዝቼ አመጣሁ፣ አበቃ። ሲሠራ አጠገቡ ደርሼ አላውቅም። ጠዋት ሲሪንቃ ነበርኩ፣ ዘር ፍለጋ።»

«ዘሩ የታለ?»

«አልቋል አሉኝ።»

አባቷ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ይሉ ነበር። ዘነበች ስንጥሩን ካገኘች ቆይታለች፤ የቸገራት ማውጫው ነው። ያኔ ስልኳ ጮኸ። የሽፈራው ታላቅ ወንድም ነበር፤ «ሲሪንቃን አልፈናል፤ ልንደርስ ነው» ብሎ ዘጋው። ያሬድም እየሮጠ መጥቶ የደወለበትን መልስ በጆሮዋ ነገራት።

«ሰዎቹን ሁሉ ትራክተሩ ጋ ሰብስብ» አለችው። «ባትሪውን አውርደህ ማንጎው ሥር አኑረው። የጋሽ ዓለምነህንም ካቴና ፍታ።»

ተሰበሰቡ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናቡ ግን አልመጣም።

«ጋሽ ዓለምነህ፣ እስቲ ባትሪውን ይሰሩልኝ።»

ሽማግሌው ትከሻቸውን ነቅንቀው ባትሪውን ተሸክመው አመጡና ቦታው አስቀመጡት። ከቦዲው የመጣውን ገመድ ያዙ፤ ሳያመነቱ ወደ ፕላሱ ወሰዱት። ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ሙባረክ ጮኸ።

«ኧረ ተዉ! ይቃጠላል! ማይነሱ ነው ከቦዲው!»

ዘነበች የሽማግሌውን እጅ ያዘች። 

«ማን ነገረህ?» አለችው።

«ሽፈራው… ሽፈራው ነው የነገረኝ።»

«‹አጠገቡ ደርሼ አላውቅም› አላልክም?» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ስሙኝ። አልተርኔተር በድሮው አስተሳሰር ስለሚቃጠል ሽፈራው ሲገጥመው ገለበጠው፤ ከዚያ ወዲህ ከቦዲው የሚታሰረው ማይነሱ ነው። ጋሽ ዓለምነህ ያን ቀን ሐራ ነበሩ፣ የነገራቸውም የለም። እትዬ መሪማም ባትሪ አስረው አያውቁም። ዛሬ ጠዋት ሽፈራው እንደ ልማዱ ባትሪውን አውርዶ ነው የተኛው። ትራክተሩ በማርሽ ቢቆምም ያለ ባትሪ አይነቃነቅም። እና አንድ ሰው ባትሪውን ከማንጎው ሥር አንሥቶ አሰረው። ሽፈራው ከታች ሆኖ ኮቴ ቢሰማም አልደነገጠም፤ ሲያግዘው የሰነበተ ሰው ነዋ። ከዚያ ቁልፉ ዞረ፤ ማርሽ የገባበት ትራክተር ዘሎ ሄደበት። ጋሽ ዓለምነህ ቢሆኑ ኖሮ አሁን ዐይናችሁ እያየ እንዳደረጉት ገልብጠው ባሰሩት ነበር። ገዳዩ ግን አልተሳሳተም። እኔ ስደርስ ባትሪው በትክክል ታስሮ ነው ያገኘሁት።»

«ለምን ብዬ ልገድለው?» አለ ሙባረክ። ከንፈሩ ደርቋል።

«አዲስ ነው ስላልከው ዕቃ። ሽፈራው የጠገነው ነገር ላይ ስሙንና ወሩን ይጭር ነበር። ዛሬ ጠዋት ቀለሙን በቤንዚን ቢጠርገው የራሱን ጽሑፍ አገኘ። በጥር የጠገነውን አልተርኔተር። ጨርቁም ከኪሱ ወጥቷል። ያሬድ፣ የጤና ጣቢያው ሹፌር ምን አለህ?»

«‹በጥር ሽፈራው የጠገነልን ነው፤ በግንቦት ከአምቡላንሱ ላይ ተሰርቋል› አለ።»

እትዬ መሪማ ቀስ ብለው ወደ ሙባረክ ቀረቡ።

«ምንም አላለኝም» አለ ሙባረክ፤ ድምፁ ተሰበረ። «ጨርቁን ኪሱ ከትቶ ዝም ብሎ አየኝና ተኛ። እንደሚናገር ገባኝ። አክስቴ፣ ትራክተርሽ መብራት እንዲኖረው ብዬ እኮ ነው! ሰው ይሞታል ብዬ አልነበረም!»

«የቱን ነው የምትለኝ?» አሉት። «የዙልፋን ልጅ ነው ወይስ ሽፈራውን?»

 ያሬድ ከጋሽ ዓለምነህ እጅ የፈታውን ካቴና ሙባረክ እጅ ላይ አደረገው።

ወዲያው አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ፤ ሁለት ሰዎች ዱላቸውን ይዘው ወረዱ። ዘነበች ልትቀድም ስትል እትዬ መሪማ ሻርፓቸውን አጥብቀው ቀደሟት። በሩ መሐል ቆሙ፤ ቁመታቸው የታላቁን ወንድም ደረት አይደርስም።

«ወንድማችሁን የገደለው የእኔ የወንድም ልጅ ነው» አሉ። «ሕግ ይዞታል። ዓለምነህ የለበትም፣ ልጁም የለበትም። ደም የምትሉ ከሆነ የደሙ ባለዕዳ እኔ ነኝ፤ ይኸው ቆሜአለሁ።»

ታላቁ ወንድም ብዙ አያቸው። ከዚያ ዱላው ከእጁ ወደቀና እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ አለቀሰ። እትዬ መሪማም አጠገቡ ተቀመጡ።

ጋሽ ዓለምነህ ኪያቤ አንሥተው የአልተርኔተሩን ብሎኖች መፍታት ጀመሩ። 

«ማስረጃ ነው፣ ጋሽ ዓለምነህ» አለቻቸው ዘነበች።

«አውቃለሁ። ፍርድ ቤቱ ሲጨርስ ግን ለአምቡላንሱ በእጄ ነው የምመልሰው» አሉና መፍታታቸውን ቀጠሉ።