መልስ ያጣው መዶሻ

የእህቴን ባል ማን እንደገደለው ከመርማሪዋ ቀድሜ የደረስኩበት እኔ ነኝ። ለጉራ አይደለም፤ ዓይኔ አይስትም።

ጋሼ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ። ወዲያው ቤቱ በሰው ተሞላ። ታላቅ ወንድሙ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ «ራሴን አመመኝ ሲላት ኪኒን የሰጠችው እሷ ናት» ይላል፣ እህቴን በጣቱ እየጠቆመ። ፖሊሶቹም ዓይናቸውን ከእሷ አልነቅል አሉ። እትዬን ከወሰዷት፣ ገና ድክ ድክ የሚል ልጇ የሚቀረው በእኔ እጅ ነው። እኔ ደግሞ ራሴንም አላሳደግኩ።

መርማሪዋ ማስቲካ እያኘከች ገባች። አጭር ከመሆኗ የተነሳ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ተንጠለጠለ።

«ሰሞኑን ምን የተለየ ነገር አየሽበት?» አለቻት እትዬን።

«ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመረ። የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆለፈ። ራሱን ያመመው ቀን እንዴት እንደዋለ ብጠይቀው አላስታውስም አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ።»

«ፋርማሲስቱን ያዢው» አልኳት መርማሪዋን። «ኪኒኑን የሸጠው እሱ ነው። ድሮ እትዬን ሊያገባ ፈልጎ አልሆነለትም።»

እትዬ ገላመጠችኝ። መርማሪዋ ግን ሄዳ ቀኑን ሙሉ ፋርማሲስቱን ስታፋጥጥ ዋለች። ኪኒኑ ተራ የራስ ምታት ኪኒን ሆነ። እትዬም ሌሊቱን በር በተንኳኳ ቁጥር እየዘለለች አነጋች።

በማግስቱ መርማሪዋ ጋሼ የሚሠራበትን ጋራዥ አሳዪኝ አለችኝ። ጋሼና ሸሪኩ የብረት ውሃ ታንከር ይጠግኑ ነበር። ሸሪኩ ዝገት የወረሰው ትልቅ ታንከር አጠገብ ቆሞ ጠበቀን።

«አንዱ ዝገቱን ሊፍቅ ውስጥ ሲገባ ሌላው ከውጭ በመዶሻ ያንኳኳል» አለ። «የገባው መልሶ ያንኳኳል። መልስ ከጠፋ በገመድ መጎተት ነው። ራሱን ያመመው ቀን እዚህ ውስጥ ነበር፤ እኔም ያለ ማቋረጥ ሳንኳኳለት ዋልኩ። በሥራ ቀልድ አላውቅም።»

«ያን ቀን ምሳ ሳመጣ እንኳ ጋራዡ ጭጭ ብሎ ነበር» አልኩ። «ሰው የለም ብዬ በር ላይ አስቀምጬው ሄድኩ። ይልቅ ያ ፋርማሲስት…»

መርማሪዋ ማኘኳን አቆመች። ከዚያ ለሸሪኩ እጇን ዘረጋች። ሲጨብጣት ፊቱ ጭምድድ አለ። መዳፉን ገልብጣ አየችው፤ ከዳር እስከ ዳር የተላጠ፣ ገና መድረቅ የጀመረ ቁስል።

ከሰዓት ሁላችንንም ሳሎን ሰበሰበችን።

«ሐኪሙ መርዝ አላገኘም» አለች። «አንጎሉ አየር አጥቶ ነበር። ተዘግቶ የኖረ ታንከር ውስጥ ዝገቱ አየሩን ይጨርሰዋል፤ የገባ ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል።»

«ታዲያ ያኔውኑ አይሞትም?» አለ ታላቅ ወንድሙ።

«ተጎትቶ ወጣ፣ ነቃ። ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አየር ሲመለስ ሰውነት የተጎዳውን ሊጠርግ ኢንዛይሞች ያስነሳል፣ ቁስልን የሚያስቆጡት ዓይነት። አንዴ ከተነሱ የሞተውን ሴል ከቆሰለው አይለዩም፤ ሊተርፍ የሚችለውንም ይፈጁታል። ሰውየው እየሄደ፣ እየበላ፣ አንጎሉ ግን ውስጥ ውስጡን ለቀናት ይነድዳል። ጨውም፣ የዛነፈው ቁልፍም፣ መርሳቱም ከዚያ ነው። ስለዚህ ማን ኪኒን ሰጠው አይደለም ጥያቄው፤ መዶሻው ጭጭ ሲል አንኳኪው የት ነበር ነው። ሲጎትት ገመዱ መዳፉን የላጠበትም እሱ ነው።»

ሸሪኩ መዳፉን ጭኑ መሃል ደበቀ። «ስልክ ተደውሎልኝ ወጣ አልኩ። ስመለስ መልስ የለም። ጎተትኩት። ነቃ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሳቀብኝም። ዳነ ብዬ…»

«ያን ቀን ሐኪም ጋ ብትወስደው የመትረፍ ዕድል ነበረው። እሱስ ይሁን። እሷን ሊያስሯት ሲሉ ለምን ዝም አልክ?»

ታላቅ ወንድምየውም እትዬን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ፖሊሶቹ ሸሪኩን ይዘውት ሲወጡ መርማሪዋን እስከ በር ሸኘኋት።

«መቼም ስለ ጸጥታው ባልነግርሽ እስካሁን ትዳክሪ ነበር» አልኳት።

አዲስ ማስቲካ ላጠች።

«ፋርማሲስትሽን ባትጭኚብኝ ኖሮ» አለችኝ፣ «እህትሽ ትናንት ሌሊት ትተኛ ነበር።»