የከረመው ቤንዚን

ጡረተኛው ቀያሽ በገዛ ግቢያቸው፣ ከሳር ማጨጃ ማሽናቸው አጠገብ በፊታቸው ተደፍተው ተገኙ። ከኋላ በአካፋ ተመትተዋል። መጀመሪያ ያየቻቸው ልጃቸው ናት፤ ጮኻ ጎረቤት የጠራችው እሷ፣ የታሰረችውም እሷ። ጉድ እኮ ነው!

«ፈርሚና ይቅለልሽ» አላት የፖሊስ ጣቢያው አለቃ የእምነት ቃል ወረቀቱን እየገፋላት።

«አልፈርምም! ደስ ካለህ አንተው ፈርምበት።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቀጭንና አጭር ስለሆነች ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስትጠይቅም እንደዚያው ትወጋለች።

«ጠዋት ከአባትሽ ጋር ተጣልታችኋል?»

«አዎ ተጣልተናል። አሁን ተነስቶ ቢመጣም እጣላዋለሁ። ጠብ መግደል ነው እንዴ?»

«ተከራያችሁ ወደ ስራው ሲወጣ፣ ‹እኔ ስሞት እንዳሻሽ ታደርጊዋለሽ› ሲሉሽ ሰምቷል። ቤቱን ማለታቸው ነው?»

ልጅቷ በምሬት ሳቀች። «ቤቱን? ኧረ ቤንዚኑን ነው! አባዬ ሳሩ ሲደርቅ ማሽኑን ከነቤንዚኑ መጋዘን ይከተዋል፤ ሳሩ ሲያድግ ያወጣዋል። ‹ቤንዚኑን ድፋው፣ ሲቀመጥ ይበላሻል› ስለው፣ ‹ቤንዚን ወተት ነው እንዴ የሚበላሸው?› ይለኛል። ያን ቀንም ገና ከመጋዘን ሲያወጣው ጀመርኩት። ጠባችን ይኸው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ልብስ ላጥብ ጓሮ ገባሁ። ምሳ ልጠራው ስወጣ...» እንባዋን አለቃው እንዲያይባት ስላልፈለገች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«የሞተር ድምፅ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«ይኸው ውሸቷ!» አለ አለቃው። «አጎቷ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲወጣ ሞተሩ እየጮኸ ነበር። ወንድሙን በህይወት ትቶት ነው የሄደው። ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ ከሷ በቀር ማን ነበር?»

መርማሪዋ ተነስታ ወደ ሟች ቤት ሄደች።

አጎትየው በግቢው ጥግ ካለችው ክፍሉ በር ላይ ተቀምጧል። የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ እዚያችው ክፍል ኖሯል።

«ሞተሩን እርግጠኛ ሆነው ሰምተውታል?»

«እንዴት አልሰማው እህቴ! መስኮቴን ሲያንቀጠቅጠው ነበር።»

«በስንተኛው ነው የተነሳላቸው?»

«አንዴ ገመዱን ሳበው፣ ወዲያው ተነሳ። ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ።»

መርማሪዋ ማሽኑ ዘንድ ተንበረከከች። የቤንዚን መያዣውን ክዳን ከፍታ አሸተተችና አፍንጫዋን ይዛ ተነሳች። የቤንዚን ሽታ አይደለም፤ የቆየ ቀለም ይመስላል።

ተከራዩ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ከስራ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ሁለቱ ወንድማማቾች ይስማሙ ነበር?»

«ምን ይስማማሉ! ሰሞኑን ‹ክፍሉን ልቀቅ›፣ ‹አልለቅም› ሲባባሉ እኛም ሰላም አጥተን ነበር። ስለ ጠባችን ቃል አትስጥ ይሻልሃል ስላሉኝ ነው እንጂ...»

«ማን ነው ያለህ?»

ተከራዩ በአገጩ ወደ ጥግዋ ክፍል አመለከተ።

በማግስቱ ሁሉንም ሳሩ ላይ አቆመቻቸው፤ ልጅቷን በካቴና፣ አጎትየውን፣ ተከራዩንና አለቃውን።

«እስቲ ማሽኑን ያስነሱልኝ» አለችው አጎትየውን።

«ይሄ ደግሞ ምን ይከብዳል!» ገመዱን ሳበ። ዝም። ደግሞ ሳበ፣ ደጋገመው። ፊቱ ቀላ፤ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። «እሷ አበላሽታው ነዋ!» ብሎ ገመዱን ለቀቀው።

መርማሪዋ ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚያደርሰውን ካርቡሬተር ከታች በካቻቢቴ ፈታችው። ውስጡ ቡናማ ሙጫ ተጋግሮበታል። በጣቷ አንስታ አሳየቻቸው።

«ይሄ ቤንዚን ነበር። ወራት ሲቀመጥ ይተንና እንዲህ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። በአንድ ጠዋት የሚሆን ነገር አይደለም። ሟች ያን ቀን ማሽኑን ሲያወጡትም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ ሞተሩ አልተነሳም፤ እርስዎም የሰሙት ድምፅ የለም።»

«እሺ ዋሸሁ ይባል! መዋሸት መግደል ነው?»

«አይደለም። ግን ውሸቱ ለማን ይጠቅማል? እሷ ገዳይ ብትሆን ኖሮ ‹ሞተሩ ጮኾብኝ ምንም አልሰማሁም› ብትል ይሻላት ነበር። አላለችም። እርስዎ ግን ሲወጡ ወንድምዎ በህይወት እንደነበሩ የሚመሰክር ሰው ስላጡ ሞተሩን ምስክር አደረጉት። ወንድምዎ ገመዱን ሲስቡ አይተው ቢሆን ኖሮ አለመነሳቱን ያውቁ ነበር። አላዩም። እሳቸው ሊስቡት ሲያጎነብሱ ነው በአካፋው የመቷቸው።»

አጎትየው አንገቱን አልደፋም። «ልቀቅ ሲለኝ አልለቅም አልኩት! ዕድሜዬን የጨረስኩበትን ክፍል! አሁንም አልለቅም!»

እየጮኸ ወሰዱት። አለቃው የልጅቷን ካቴና ፈታና «በይ ወደ ቤትሽ ግቢ፤ አለቀ» አላት።

«አላለቀም።» ልጅቷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «ሰፈሩ በሙሉ አባቷን የገደለች እያለኝ ነው። በሩ ይከፈትና ‹አልገደለችም፤ ያለ ጥፋቷ ነው ያሰርኳት› በል።»

አለቃው እንድታስጥለው መርማሪዋን አያት። መርማሪዋ ሄዳ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጎረቤቶች መንገዱን ሞልተውታል።

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እ... ልጅቷ አልገደለችም...» ብሎ አጉተመተመ።

«አልተሰማም!» አለች ልጅቷ። «ጮክ በል!»

ጮኸ።