ያልጮኸው ሞተር

የፖሊስ ሻምበሉ ሙንጂድ አይን ሉዛ መንደር ሲደርስ የሐጅ ሽታይዊ አስከሬን ገና አልተነሳም ነበር። ሽማግሌው በገዛ ፒክአፓቸውና በምንጩ ግንብ መካከል ተጣብቀው፣ ቀኝ እጃቸው ከመኪናው ላይ የተጫነውን የውኃ በርሜል ቧንቧ እንደያዘ ደርቋል። የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል። የመንደሩ ሰው ከዳገቱ ራስ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል።

«ከሆነ አንድ ሰዓት አልፎታል» አለ ቀድሞ የደረሰው ወታደር። «አደጋ ነው ጌታዬ። መኪናው አሮጌ ነው፤ ካምቢዮው እንደሚያንሸራትት መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይጎትትም። ዳገቱን ሲወጡ አንሸራቶባቸው ይሆናል።»

ሙንጂድ አደጋ ቢሆንለት በወደደ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ አደጋ ማለት አንድ ገጽ ጽፎ ወደ ቤት መሄድ ነው። በዚያ ላይ የዚህ መንደር ሌላ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ አርባ ቀን ሆኖታል። ፊዳ የተባሉ አሮጊት መንገድ ዳር ቅጠል ሲለቅሙ፣ በጭጋግ ውስጥ የመጣ መኪና ገጭቷቸው አምልጧል። ልጃቸው ዲያብ በየእሑዱ ከረክ ከተማ ድረስ እየመጣ ቢሮው በር ላይ ይቆምና «አዲስ ነገር አለ?» ይላል። መልሱን ከሙንጂድ ፊት ላይ አንብቦ፣ ሳይቀመጥ ይመለሳል።

ሙንጂድ እጁን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየ። ቁልፉ በቦታው ነው፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ አውቶማቲክ ማርሹ መሄጃው ላይ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ወርዷል። ከጎማው ኋላ መሆን የነበረበት ትልቅ የመደገፊያ ድንጋይ ደግሞ አሥር እርምጃ ከፍ ብሎ፣ መንገዱ ዳር ሣር ላይ ተቀምጧል።

«ማን ነው ያገኛቸው?»

«የሚስታቸው ወንድም፣ ሂክማት።»

ሂክማት የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው።

«ጣራዬ ላይ ሆኜ የዝናብ ቱቦ እጠግን ነበር» አለ። «ሞተሩ ዳገቱ ላይ ሲጮህ ሰማሁት። ዕዕዕ… እያለ በባዶ! አውቀዋለሁ ያንን ድምፅ። በልቤ 'ይኼ ሰውዬ ዛሬም ከዚህ አህያ ጋር ይታገላል' አልኩ። ከዚያ ዷ! አለ። ሳስበው፣ ድንጋይ ሊያስደግፉ ሲወርዱ ነው የተንከባለለባቸው።»

«ፒክአፑን አንተ ትነዳዋለህ?»

«እኔ? ያንን የዛገ ብረት? በሕይወቴ መሪውን ጨብጬው አላውቅም! ይልቅ ራካንን ጠይቀው። ሐጁ ልጅ የላቸውም፤ ከሞቱ መኪናውም ወይራውም የማን እንደሚሆን እሱ ያውቃል።»

ራካን የሟች የወንድም ልጅ ነው። የፍየሎች ማጎሪያው አጥር ላይ ተደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

«ሞተር ሰምተሃል?» አለው ሙንጂድ።

«የሰማሁት ግጭቱን ብቻ ነው። እዚህ አጠገብ ነበርኩ፤ የሚጮህ ሞተር ቢኖር ፍየሎቹ ይበረግጉ ነበር።»

«መኪናውን አንተ ነህ ያበላሸኸው ይላሉ።»

«ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው! አጎቴም ተቆጥተውኛል። እኔ እኮ ዐቀባ ወደብ ስሠራ ቆይቼ የመጣሁት ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ስመጣ ካምቢዮው ያንሸራትት ነበር።»

ዲያብ ከማዶው እርከን ላይ የወይን ሐረግ ይገርዝ ነበር። መቀሱን ሳያስቀምጥ ሙንጂድን ጠበቀው።

«ዛሬ እሑድ አይደለም ሻምበል፤ ምን እግር ጣለህ?»

«ከሐጁ ጋር ተጣልተሃል አሉኝ።»

«በምንጩ ተራ ተጨቃጭቀናል። በውኃ የተጣላ ሁሉ ቢገዳደል ኖሮ እዚህ መንደር ቀባሪ አይገኝም ነበር። ደግሞ ክፉ ሰው አልነበሩም። እናቴ የሞተች ዕለት እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው እንኳ ለለቅሶው ሙሉ በርሜል ውኃ ከቤታቸው መጥቶልናል።»

«ዛሬስ ሞተር ሰማህ?»

«ምንም። ግጭቱን ብቻ።»

ወድሓ፣ የሟች ሚስት፣ በሴቶች ተከብባ ተቀምጣለች። ሙንጂድ አጠገቧ ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ቋ አለ።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። መኪናው ማንሸራተት የጀመረው መቼ ነው?»

«ለዓይናቸው ቀዶ ጥገና ሦስት ቀን ከረክ ተኝተው በተመለሱ ሰሞን። ሲሄዱ ደህና ነበር፤ ሲመለሱ ዳገት እምቢ አለ። በየሳምንቱ ዘይት ይጨምሩለት ነበር።»

«ትናንትስ?»

«ጠዋት ይዘውት ወጡ፤ ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም። ማታ ሲገቡ እራት አልበሉም። 'አመመዎት ወይ?' ብላቸው 'ምነው ባልታከምኩና ባላየሁ' አሉኝ። ዓይናቸው ድኖ ሳለ ለምን እንደዚያ እንዳሉ አልገባኝም።»

ሙንጂድ ወደ ፒክአፑ ተመለሰ። በወጣትነቱ የጦር ሠራዊት መኪና ነድቷል፤ የደከመ ካምቢዮ ያውቃል። ክዳኑን ከፍቶ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘዘና በመሐረቡ ጠረገው። ዘይቱ እስከ ምልክቱ ሞልቷል። እንደ ሮማን ጭማቂ የጠራ ቀይ ነው፤ አሸተተው፤ የመቃጠል ሽታ የለውም። ከራዲያተሩ ሥር በዛገው ብረት መሀል አንድ አዲስ ቱቦ ያብረቀርቃል። ሙንጂድ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። አንዷ ገጽ አምልጣዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ከረክ ውስጥ አምስት ጋራዥ ዞረ። ስድስተኛው ላይ ሳርኪስ የተባለው አርመናዊ መካኒክ ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«የውኃ ሻጩ ሽማግሌ? አዎ፣ ከትናንት ወዲያ ነበሩ። ሌላው ሁሉ 'ካምቢዮው አልቋል፣ ጣለው' ብሏቸዋል። ካምቢዮውማ ደህና ነበር፤ የጎደለው ዘይት ነው። ዘይት ሲያንሰው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ያንሸራትታል። ከየት እንደሚያፈስ ፈልጌ አገኘሁት። ዘይቱን ወደ ራዲያተር የሚያደርሰው ቱቦ ተጨፍልቆ ተሰንጥቆ ነበር። ከፊት በአንድ ነገር ተመትቷል።»

«ነገርካቸው?»

«'ምን ገጩ አባቴ?' አልኳቸው። ቱቦውን ተቀብለውኝ በጣም ቆይተው አዩት። ከዚያ እዚያች ሳጥን ላይ ተቀመጡ። ሲነሱ 'ይህችን አትጣላት፤ የሚፈልጋት ሰው ይመጣል' አሉኝ። አንተ ነህ መሰለኝ።»

ቱቦው የታሰረበት ብረት ላይ፣ በዘይት የጠቆረ ጨርቅ ቅዳጅ ተጠምጥሟል። ዳሩ ላይ ቀይ የጥልፍ ክር ይታያል።

ከቀብሩ በኋላ፣ ከሰዓት ላይ ሙንጂድ አራቱንም ዳገቱ ሥር ሰበሰበ። ወድሓ፣ ሂክማት፣ ራካንና ዲያብ ግንቡ አጠገብ ቆሙ። እሱ ፒክአፑ ላይ ወጣ፤ ሞተሩን አስነሳ፤ ከነሙሉ በርሜሉ ዳገቱን ጀመረ። መኪናው አልጮኸም፣ አላንሸራተተም። እንደ በቅሎ ረጋ ብሎ እስከ አናቱ ወጣ። ሙንጂድ እዚያው አቁሞት፣ ጉልበቱን ይዞ በእግሩ ወረደ።

«ሐጅ ሽታይዊ በሞቱበት ጠዋት ይህ መኪና አልጮኸም» አለ በደከመ ድምፅ። «ሊጮህ አይችልም። ከዋዜማው ጀምሮ ድኗል። ለማንም ስላልተናገሩ ግን መንደሩ ሁሉ ታማሚ ነው ብሎ ያምን ነበር። እንዲያውም ያን ጠዋት ጭራሽ አልተነሳም፤ እኔ ስደርስ ሞተሩ በረዶ ነበር። ዳገት ሲታገል የቆየ ሞተር በአንድ ሰዓት እንዲያ አይቀዘቅዝም። ሐጁ ማታ እዚህ አቁመውት፣ በርሜሉ ከምንጩ ውኃ እየሞላ አድሯል። ጠዋት ቧንቧውን ሊዘጉ ከኋላ ሲቆሙ አንድ ሰው ድንጋዩን አነሳ፤ ገብቶ ፍሬኑን ለቀቀ፤ ማርሹን መሄጃው ላይ አደረገ። ድንጋዩ ተገፍቶ ቢሆን ኖሮ ታች ይገኝ ነበር፤ ያለው ላይ ነው። ራካን ሞተር አልሰማም። ዲያብ አልሰማም። የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሂክማት ዞሩ።

«መስሎኝ ይሆናላ!» አለ ሂክማት። «ጆሮ ይሳሳታል እኮ! ደግሞ እህቴን ባል የሚያሳጣ ምን ክፋት አለብኝ?»

ሙንጂድ ወደ ዲያብ ዞረ። «ለእናትህ ለቅሶ ውኃ መጣልን ብለኸኛል። ሐጁ ሆስፒታል ነበሩ፤ ራካን ዐቀባ። መኪናውን ማን ነዳው?»

ዲያብ ዞር አለና ሂክማትን አየው።

«አንተ» አለ ቀስ ብሎ። «ዳገታችን ላይ ሞተሩ ሲጮህ ወጥቼ የገፋሁልህ እኔ ነኝ። 'አላህ ይስጥልኝ' ብዬሃለሁ።»

ሙንጂድ ቱቦውን ከወረቀት ፈታው። ዲያብ ቀዩን ክር በጣቱ ነካው እንጂ አልያዘውም። እናቱ የቀሚሷን ጥልፍ የምትጠልፈው በገዛ እጇ ነበር።

«ሐጁ ቱቦውን ሲያዩ ቀኑን ቆጠሩ» አለ ሙንጂድ። «መኪናው የታመመው ፊዳ በሞቱበት ቀን ነው። ያን ቀን ቁልፉን ሊወስድ የሚችለው የቤቱ ሰው ብቻ ነው።»

ሂክማት ግንቡ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ባንድ ጊዜ አረጀ።

«ጭጋግ ነበር» አለ። «ፍየል የገጨሁ መሰለኝ። ወርጄ አየሁ…»

«ትተነፍስ ነበር?» አለ ዲያብ።

ሂክማት ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ዲያብ ጠበቀ። ጠብቆ ጠብቆ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ራካን ሄዶ አጠገቡ ቆመ።

«ሐጁ ምን አሉህ?» አለ ሙንጂድ።

«እስከ ቀትር ሶላት ጊዜ ሰጡኝ። 'ሽማግሌ ይዘህ ዲያብ ቤት ሂድ፤ ካልሄድክ እኔ እነግረዋለሁ' አሉኝ። ከዚያ ቧንቧውን ሊዘጉ ዞሩና 'አትፍራ፣ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ' አሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር የሚያወሩት።»

ወታደሩ ካቴናውን አወጣ። ወድሓ ግንቡ ሥር መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ወንድሟ ሲያልፍ «ወድሓ፣ ይቅር በይኝ» አላት፤ አላየችውም። የፖሊሱ መኪና በር ሊዘጋ ሲል ግን ድንገት ተነስታ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ የባሏን ወፍራም የሱፍ ካፖርት ይዛ ነበር። ለሙንጂድ ዘረጋችለት።

«አልብሱት» አለች። «ከልጅነቱ ብርድ አይችልም።»

ሙንጂድ ካፖርቱን ተቀበለ። ካፖርቱን ሂክማት ትከሻ ላይ ጣል አደረገና በሩን ዘጋ።